ቤታ ዓሣዎ አልበላም ሲል መጀመሪያ ውኃውን ይለኩ

በሰው አገር ብቻውን የሚኖር ሰው ማታ ከሥራ ሲገባ እንኳን ደህና መጣህ የሚለው የለም። ቤታ የሚባለውን፣ በመስታወት ገንዳ የሚቀመጠውን ትንሽ ዓሣ የያዘ ግን ቢያንስ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ የሚጠብቀው አለ። ይህ ዓሣ አንድ ቀን ጥግ ይዞ ምግቡን ሲተው የሚሰማው ጭንቀት ቀላል አይደለም። ጭንቀቱ ደግሞ እጅን ወደ ምግቡ ዕቃ ይመራል፤ ይበላ ይሆናል እየተባለ ይጨመራል። ያልተበላው ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ ዓሣን ወደሚመርዝ አሞኒያ ይለወጣል፣ አሞኒያው የቀረውን የምግብ ፍላጎት ጭራሽ ይዘጋዋል። ስለዚህ ምግብ መጨመሩን ያቁሙ። ጤነኛ ጎልማሳ ቤታ አንድ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም። አዲስ ቤት የገባ ከሆነማ ለጥቂት ቀናት አለመብላቱ የተለመደ ነው።

ከዚያ ሙቀቱን ይለኩ። ቤታ የመጣው ከታይላንድና ከአካባቢዋ የሩዝ ማሳዎችና ጥልቀት ከሌላቸው ሞቃት ውኃዎች ነው፤ የሚስማማው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ22 በታች ሲወርድ የበላውን መፍጨት ይከብደዋል፣ መንቀሳቀስም ይሰንፋል። በብርድ ወራት ወጪ ለመቆጠብ የቤቱን ማሞቂያ አጥፍቶ ለረጅም ሰዓት ወደ ሥራ መውጣት ብዙ ጊዜ የችግሩ መነሻ ነው፤ ማታ ቤቱ ሲሞቅ ውኃውም ስለሚሞቅ ቀን የወረደው አይታይም። በእጅ መንካት አያስተማምንም። ለ20 ሊትር ገንዳ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር የ25 ዋት የውኃ ማሞቂያ ይበቃል። ቴርሞሜትሩን ከማሞቂያው በተቃራኒ ጫፍ ያድርጉት። ቀዝቅዞ ካገኙት በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ያሙቁት። ውኃ ሲቀይሩ ደግሞ ማሞቂያውን ነቅለው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ እንደጋለ ከውኃ ውጭ ከቀረ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ሙቀቱ ደህና ከሆነ በውኃው ውስጥ ያለውን መርዝ በቀለም ወደሚያሳየው ጠብታ መመርመሪያ ይሂዱ። አሞኒያና ከእሱ የሚመጣው ሌላው መርዝ ናይትራይት 0 መሆን አለባቸው፣ የናይትራይት ለውጥ የሆነው ናይትሬት ከ20 ሚሊግራም በሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከታየ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ውኃ ሙቀቱ እኩል በሆነ ውኃ ይቀይሩ፣ በማግሥቱም ደግመው ይለኩ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ የክሎሪን ማክሸፊያ ጠብታ የግድ ነው፤ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪንን ቢያስወጣም ክሎራሚንን (ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበትን የውኃ ማጽጃ) አያስወጣም። አዲስ ገንዳ ላይ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ደግሞ እነሱኑ ይገድላል። ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። አንድ ነገር ሰውን ያሳስታል፦ ቤታ አየር ከላይ ስለሚተነፍስ ብቅ ማለቱ የበሽታ ምልክት አይደለም። የሚያሰጋው ስንጥቡ ቀልቶ ቶሎ ቶሎ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው።

ውኃው ንጹሕ ሆኖም ካልበላ የምግቡ ተራ ነው። ቤታ ሥጋ በል ነው፤ አፉም ወደ ላይ የዞረው ውኃው ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን እንዲለቅም ነው። ታች የወረደ እንክብል ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ጎርሶ መትፋት፣ መልሶም መጉረስ ልማዱ ነው፤ ደጋግሞ ተፍቶ ከሄደ ግን እንክብሉ ትልቅ ወይም ያረጀ ነው። 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን መርጠው ለአንድ ደቂቃ በገንዳው ውኃ ያርሱት። እንቢ ካለ በኩብ መልክ በረዶ የሆነ ዳፍኒያ፣ አርቴሚያ (ሁለቱም ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ናቸው) ወይም የቀይ ትንኝ እጭ ይሞክሩ፤ ከአንዱ ኩብ ቆንጥረው ብቻ በማንኪያ ውኃ ያቅልጡ፣ የቀለጠበትን ውኃ ይድፉ፣ እጩን በወረንጦ ይዘው አፉ ፊት ለፊት ውኃው ገጽ ላይ ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ብዙ ጊዜ ይነቃል። በ5 ደቂቃ ካልነካው በሲሪንጅ መጥጠው ያውጡትና እስከ ነገ ይተዉት። ሆዱ ካበጠ 2 ቀን አስጹመው ዳፍኒያ ይስጡት። አተር ስጡት የሚለው ምክር ለሥጋ በል ዓሣ አይሆንም።

የማጣሪያው ግፊት ረጅም ክንፉን እየገፋ ሊያደክመው ይችላል፤ መውጫው ላይ ስፖንጅ ያስሩ። መስታወቱ ላይ የራሱን ምስል እያየ ቀኑን ሙሉ የሚቆጣ ከሆነም ከኋላው ጥቁር ወረቀት ይለጥፉ።

መጠበቅ የማያስፈልግባቸው ምልክቶች አሉ። በጨለማ የእጅ ባትሪ ከጎን ሲያበሩበት ወርቃማ አቧራ የመሰለ ነገር ወይም እንደ ጨው ፍሬ ያለ ነጭ ነጠብጣብ፣ ከላይ ሲታይ እንደ ጥድ ፍሬ የቆመ ቅርፊት፣ እየከሳ ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር። እነዚህ ሲታዩ ዓሣ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ፤ ሁለት መድኃኒት አይቀላቅሉ፣ ማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለም መድኃኒቱን ስለሚመጥጥ አስቀድመው ያውጡት። ቤታ በአብዛኛው የሚኖረው ከ2 እስከ 4 ዓመት ነው፤ ዕድሜው የገፋ ዓሣ መብላት ቢቀንስ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም።

ቤተሰብ ለመጠየቅ አገር ቤት ሄደው ሲመለሱ አልበላ ብሎ ካገኙት፣ አደራ የተሰጠው ጎረቤት በደግነት አብዝቶ መግቦት ሊሆን ይችላል። እስከ አንድ ሳምንት ለሚሆን ጉዞ ውኃውን ቀይሮ ሳይመግቡ መሄድ ይሻላል። ከዚያ ከበለጠ የየቀኑን 3 ወይም 4 እንክብል በመድኃኒት መደርደሪያ ሳጥን ውስጥ ከፋፍለው በየሁለት ቀኑ አንዱን ክፍል ብቻ እንዲሰጥ ይንገሩት፤ ዋናውን የምግብ ዕቃ ደብቀው ይሂዱ።