አሮጌው ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

አሮጌው ቤተ ክርስቲያናችን ሊፈርስ ነው እየተባለ ነው። አዲሱ ሕንፃ በብሎኬትና በብረት ቆሟል፤ አዲስ አበባ ያሉ የአጥቢያው ተወላጆች ኮሚቴ አቋቁመው ያሠሩት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። (ዓምዶቹ ለእኔ የባንክ ቢመስሉኝም።)

የሚገርመኝ ሽማግሌዎቹ ለማፍረስ አለማመንታታቸው ነው። «ታቦቱ እስካለ ድረስ ቤቱ ይታደሳል እንጂ መች ይሞታል» ይላሉ። በአባቶቻችን አቆጣጠር የአጥቢያው ዕድሜ የሚጀምረው ታቦቱ ከገባበት ቀን ነው፤ ግድግዳማ ስንቴ ተለወጠ! የሣር ክዳኑ ሲበሰብስ ታቦቱ መቃኞ (ጊዜያዊ ማረፊያ) ይገባል፣ ሕዝቡ እንጨት ተሸክሞ ጭቃ አቡክቶ እንደገና ይሠራል። ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም የሄደ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) እንደገና የገነቡት ሕንፃ ፍርስራሽ እዚያው ቅጽሩ ውስጥ ቆሟል፤ ቅዳሴውም ከጎኑ ባለው ቤተ ክርስቲያን ይቀጥላል። አሮጌው ስለቆየ አዲሱን ያወከው ነገር የለም።

የኛው ቤት እንደዚያ ያለ ታሪክ የለውም፤ ንጉሥም አልሠራው። ነገር ግን ከውጨኛው ክፍል ከቅኔ ማኅሌቱ በስተሰሜን ምርጊቱ የተላጠበት ቦታ አለ፤ ማገሩ በልጥ እንደታሰረ ይታያል፣ ጭዱ ከጭቃው ውስጥ ወጥቷል፣ የመረገው ሰው አራት ጣቶች ወደ ታች እንደወረዱ ደርቀው ቀርተዋል። የዋንዛው በር መቃን ደግሞ ሰው ሲሳለመው ኖሮ በቁመት ልክ ለስልሷል፤ የልጆቹ ከታች፣ የአዋቂዎቹ ከላይ።

ጣሪያውም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ድሮ ካህናቱ የሚያገለግሉት በያዙት መሬት እየኖሩ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ያ ቀረ፤ ቄሱም፣ ዕጣኑም፣ ጧፉም በምእመኑ መዋጮ ሆነ። ቆርቆሮው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጤፍ የሸጠ ገንዘብ አመጣ፣ ገንዘብ ያጣ ምስማር እያቀበለ ዋለ።

በስብሰባው ላይ አሮጌው ለአብነት ተማሪዎች ይሰጥ ብዬ ነበር፤ የቅኔ ተማሪዎቹ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎጇቸው እያፈሰሰ ይቸገራሉ። አንድ አባት ቀበል አድርገው «ልጄ፣ መቅደስ የነበረ ቤት እንዴት የተማሪ ማደሪያ ይሆናል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መቅደሱና ቅድስቱ ተዘግተው ይቆዩና ቅኔ ማኅሌቱ ብቻ ለመማሪያ ይሁን፣ ማደሪያው በሌላ ቦታ ይፈለግ ብዬ አሻሻልሁት። ለጊዜው ዝም ተባለ፤ ዝምታ በኛ አገር እሺ ማለት አይደለም።

ቅዳሜ አናጢ ይዤ እሄዳለሁ። ጣሪያውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች ምስጥ በልቷቸው ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያልቃል፤ ካልበላቸው ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ የምለው አለኝ።