ከአሶሳ የመጣው ድንጋይ

ጂኦሎጂስቷ ጓደኛዬ ከፊልድ ተመልሳ ዛሬ ቡና ጠራችን። እናቷ ሻንጣዋን ሊያነሱ ሞክረው አቃታቸው። «ምነው ልጄ፣ ከአሶሳ ማንጎ እንጂ ድንጋይ ይመጣል?»

አንዱን አገላብጬ አየሁት። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ መሃሉን ነጭ የኳርትዝ ክር ሰንጥቆታል። «ይሄ እኮ ጥቁር ባዛልት፣ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ላቫ ነበር» አለችኝ። ከ600 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አህጉሮች ተጋጭተው ተራራ ሲሠሩ ላቫው ወደ ጥልቁ ተቀበረ። ሙቀትና ግፊት በዛበት፣ ትኩስ ውሃም አለፈበት። ማዕድኖቹ ክሎራይትና ኤፒዶት ሆኑ፤ አረንጓዴነቱ የመጣው ከነሱ ነው። ወርቅንም በኳርትዝ ስንጥቅ ውስጥ የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ውሃ ነው። (ወርቅ ሲባል እናትየው መነጽራቸውን ፈለጉ።)

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች ሶዲየምና ፖታሲየም በዚያ ትኩስ ውሃ በቀላሉ ታጥበው ይሄዳሉ። ታይታኒየምና ዚርኮኒየም ግን አብዛኛውን ጊዜ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ላቫው ከውቅያኖስ ወለል ይምጣ ከደሴት እሳተ ገሞራ ለማወቅ የሚመረመሩት እነሱ ናቸው።

የምንኮራበት የሰሜን ተራሮች ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማው ነው። ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ገና ጨቅላ!