ሴቲንጉ ልክ ነበር፣ ፕሮቡ ግን 10 ላይ

የምሠራው የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጥገና ነው። ሱቃችን ጠባብ ናት። የኤሌክትሪኩን ሞገድ በስክሪን የሚያሳየን ኦሲሎስኮፕ አንድ ነው፣ የምንነካካው ግን ሦስት ሰዎች ነን። ጠዋት አስተካክዬ የተውኩትን ከምሳ ስመለስ አላገኘውም። አንዱ ቻናል፣ ማለትም አንዱን የመለኪያ መግቢያ አጥፍቷል፣ ሌላው ሞገዱን ስክሪኑ ላይ ረግቶ እንዲታይ የሚያደርገውን ትሪገር አዙሯል። ተለማማጁ ደግሞ ግራ በገባው ቁጥር «ኦቶ» የምትለዋን ቁልፍ ይጫናል። እሷ ከተነካች ማሽኑ ሁሉንም እንዳሻው ይመርጣል፤ የእኔን ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

መሣሪያው ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ ነው፤ አራት ቻናል፣ 50 ሜጋኸርዝ። ሲበራ የመጨረሻውን ሴቲንግ እንዲመልስ የሚያደርግ ምርጫ አለው። መጀመሪያ በሱ ተማመንኩ። ግን «የመጨረሻው» የማን ነው? ማታ ሱቁን የዘጋው ሰው ነዋ።

ስለዚህ የራሴን በፍላሽ ላስቀምጥ አልኩ። ሰካሁ፣ «ስቶሬጅ» ገባሁ፣ ሴቭ አደረግኩ። በማግስቱ ልመልስ ስል ፍላሹ ላይ ያለው የስክሪኑ ፎቶ ብቻ ነው። ለካ መጀመሪያ የሚቀመጠውን ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። ምስል አለ፣ ሞገድ አለ፣ ሲኤስቪ የሚባል የቁጥር ሰንጠረዥ አለ፣ ሴቲንጉ ደግሞ ለብቻው «ሴትአፕስ» በሚለው ስር ነው። ፎቶውን ለደንበኛ ታሳየዋለህ እንጂ ማሽኑ መልሶ አይገባበትም። ፍላሹም በፋት32 ፎርማት መደረግ አለበት፤ ይኼን ለማወቅ ግማሽ ቀን ሄዷል፣ እንለፈው።

ከሁሉ በፊት ያዘጋጀሁት የሪፕል ፋይሌን ነው። ሪፕል ማለት ቀጥ ብሎ መሄድ ያለበት ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) ላይ ተሳፍሮ የሚመጣ ንዝረት ነው። በኤቲኤክስ፣ ማለትም በተለመደው የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ፣ 12 ቮልቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ120 ሚሊቮልት፣ 5 እና 3.3 ቮልቱ ላይ ከ50 ሚሊቮልት ማለፍ የለበትም። ይህን ለማየት ቻናሉን ኤሲ ላይ አደርጋለሁ፤ 12 ቮልቱ ራሱ ከስክሪኑ ይወጣና ንዝረቱ ብቻ ይቀራል። በጣም ፈጣኑ ጫጫታ እንዳይገባ ባንድዊድዙን በ20 ሜጋኸርዝ እገድባለሁ። ስክሪኑ ላይ ከተሰመሩት ሳጥኖች ለአንዷ ወደ ላይ 20 ሚሊቮልት፣ ወደ ጎን 5 ሚሊሰከንድ እሰጣለሁ። ፕሮቡን፣ ማለትም የሚለካውን ቦታ የምነካበትን ገመድ፣ 1 ላይ አደርጋለሁ፤ 10 ላይ ከሆነ የሚለካውን በአሥር አካፍሎ ስለሚልክ ትንሿ ንዝረት በጫጫታ ትዋጣለች። ይህን ሁሉ ባንድ ፋይል አሰርኩት። ስም መጻፍ በማዞሪያዋ አንድ በአንድ ፊደል መምረጥ ስለሆነ ያሰለቻል፤ አጭር ስም ሰጥቼ ምን እንደሆነ በወረቀት ጻፍኩና ማሽኑ ጎን ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት።

ለጥቂት ሳምንታት እንደ ንጉሥ ሠራሁ። ማን ምን እንደነካ ግድ የለኝም። ፋይሌን እጠራለሁ፣ እለካለሁ፣ አለቀ።

አንድ ቀን በየጊዜው እየጠፋ የሚነሳ ኮምፒውተር መጣ። 12 ቮልቱን ለካሁ፤ 28 ሚሊቮልት። ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ራሙን አጽድቼ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ መለስኩለት። ሦስት ቀን ሳይሞላው ሰውዬው ሳጥኑን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ እንደነበረው እኮ ነው።»

ፓወር ሰፕላዩን ስከፍት ንዝረቱን ከሚያለዝቡት ካፓሲተሮች የሁለቱ አናት አብጧል። ይህ 28 ሚሊቮልት ሊሆን አይችልም። ፋይሉን ደጋግሜ አየሁት፤ ሁሉም ያስቀመጥኩት ነው። ከዚያ ዓይኔ ፕሮቡ እጀታ ላይ ያለችው ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ ላይ አረፈ። 10 ላይ ነች። ማሽኑ ፋይሉን ሰምቶ «ፕሮቡ 1 ነው» ብሎ ያምናል፤ ፕሮቡ ደግሞ የሚልክለት የእውነተኛውን አንድ አሥረኛ ነው። እውነተኛው ንዝረት 280 ሚሊቮልት ነበር። ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ፣ ብር አልጠየቅኩም፤ ሰውዬውም «እግዜር ይስጥልኝ» ያለኝ በግማሽ አፉ ነው።

ያቺ ማብሪያ የፕላስቲክ ነች። ማሽኑ አያያትም፣ ፋይል ውስጥም አትገባም። አንዳንድ ፕሮቦች የት ላይ እንዳሉ ለማሽኑ የሚናገሩ ናቸው፣ የእኛ ግን ከዚያ ወገን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ፋይል አለኝ፤ ሥራው መፈተሽ ብቻ ነው። ማሽኑ ፊት ላይ ፕሮብ የሚሞከርባት ብረት አለች፤ ወደ 3 ቮልት የሚሆን፣ 1 ኪሎኸርዝ ካሬ ሞገድ ትሰጣለች። የመፈተሻው ፋይል ለሳጥን 1 ቮልት ነው፣ ፕሮቡንም 1 ነው ብሎ ያምናል። ብረቷን ስነካ ሞገዱ ሦስት ሳጥን ከሞላ ሰላም ነው። የአንዷን ሳጥን ሲሶ እንኳ የማይሞላ ጉብታ ከሆነ ማብሪያዋ 10 ላይ ነች። ከዚያ በኋላ ነው የሪፕሉን ፋይል የምጠራው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ተለማማጁ «ለከፍተኛው ጎንም ፋይል እንሥራ» ብሎ ነዘነዘኝ። እምቢ አልኩ። የግድግዳው 220 ቮልት ወደ ዲሲ ተቀይሮ 310 ቮልት አካባቢ የሚሆንበት ቦታ ነው። የፕሮቡ ጥቁር ቆንጣጭ ከግድግዳው ኧርዝ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከግድግዳው መስመር የሚለይ ትራንስፎርመር ሳይኖር እዚያ ማሰር ማፈንዳት ነው። እዚያ ጋ ሴቲንጉን በእጅ አንድ በአንድ ማድረግ ይሻላል፤ ዘገምተኛ መሆኑን ነው የምፈልገው። እሱ ግን አሁንም አልተዋጠለትም።

ትናንት ስልክ እያወራሁ ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁት፤ «ጋሼ፣ ጉብታ ነው!» አለ። ማብሪያዋን ገፍቶ እንደገና ብረቷን ነካ። እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ።