የአባባ ጣቢያዎች

ከለቡ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጠዋት ነው የሚነሳው። የምሄደው ለአያቴ ሙት ዓመት ነበር። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ዘመዶቼ "ምን አንከራተተሽ?" ብለውኛል። ዕድሜውን ሙሉ የምድር ባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ለነበረ ሰው ግን በሰማይ መሄድ አልፈለግኩም። የሱን ጣቢያዎች በመስኮት እያየሁ መድረስ ፈለግኩ።

የተሳፈርኩበት በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ነው። አባባ የሠራበት የድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ እስከ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ሐረርን ትቶ በቆላው ያለፈው ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ነው። ድሬዳዋም ከተማ የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው። አባባ ይህን ሲያወራ "ተራራው ባይኖር እናንተም አትኖሩም ነበር፤ አያታችሁን ያገኘኋት ባቡር ውስጥ ነው" ይል ነበር። እማማ ከጓዳ ትሰማዋለች። "አቦ ተወና! ቲኬትሽ የትላንት ነው ብለህ አስለቅሰኸኝ አይደል?" ትለዋለች።

ስድስት ልጆች ወለዱ። ስድስቱም ሲወለዱ አባባ መንገድ ላይ ነበር። ወሬው በጣቢያ ስልክ ይደርስና የጣቢያው ሹም ፉርጎው ሥር መጥቶ "እንኳን ማርያም ማረችልህ!" ብሎ ይጮኻል። አባባም ልጁን በዚያው ጣቢያ ስም ይጠራዋል። የክርስትና ስማቸው ሌላ ነው፣ የትምህርት ቤቱም ሌላ። ቤት ውስጥ ግን ታላቅ አጎቴ ሁርሶ ነው። ከሱ ቀጥሎ መተሃራ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ አዋሽ። አፍደም እናቴ ናት። የመጨረሻዋ አክስቴ ለገሃር ተባለች። እማማ ከሷ በኋላ "አሁንስ ይብቃን" ስትለው "ምን ምርጫ አለኝ፣ ሐዲዱ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው" አለ ይባላል።

አዳማን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ጀመረ። ፈንታሌ ተራራ ብቅ አለ፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በየሜዳው ተዘርግቷል። ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። መተሃራ የስኳር አገር ስለሆነ የአክስቴ ድርሻ ሁልጊዜ ሸንኮራ ነበር። አባባ ከሥራ ሲመለስ ለየልጁ "ከጣቢያህ የተላከልህ" ብሎ አንድ ነገር ሳይሰጥ አይቀመጥም። ደመወዙ የሚያወላዳ አልነበረም። እማማ እንደነገረችኝ የቋጠረችለትን ሰፈርታስ መንገድ ላይ ግማሹን ብቻ ይበላና በተረፈው ሳህን የልጆቹን ዕቃ ይዞ ይመጣ ነበር።

እናቴ ግን ተበድላለች። አፍደም ሞቃት ሜዳና አቧራ ነው። አባባ ሁሉንም አድሎ ሲጨርስ እሷን ይጠራና እግሩን ይዘረጋላታል። "ያንቺ ይኸው፣ የአፍደም አቧራ" ይላታል። እሷ እያኮረፈች ጫማውን ታወልቅለታለች። ጫማው ውስጥ፣ ተረከዙ ጋ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ አለ። በየጉዞው ያው ነው። በየጉዞውም ታኮርፋለች። ስታኮርፍ ማየቱን እንደሚወደው ታውቅ ነበርና። ከረሜላውን ይዞ በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚራመድ እስከ ዛሬ ይገርማታል።

አዋሽ ስንደርስ ማውራት አልቻልኩም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከሐዲድ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 ሰው በላይ አለቀ። የዚያን ዕለት አባባ ተረኛ አልነበረም። ወሬውን እንደሰማ ሊረዳ ሄደ። አብረውት የሠሩ ሰዎችን አነሳ፣ በስም የሚያውቃቸውን ተሳፋሪዎች አነሳ። ሲመለስ ለሳምንታት ቤቱ ውስጥ ቀልድ አልተሰማም። ልጆቹ ሲያኮርፍ እንኳን አይተውት አያውቁም፤ ዝም ማለቱ አስፈራቸው።

አጎቴ አዋሽ ያኔ ትንሽ ልጅ ነው። አንድ ማታ አባባ የደንብ ልብሱን ለብሶ ቲኬት መብሻውን ይዞ ፊቱ ቆመ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጠቅ አደረገና "ዝውውር ወጥቶልሃል። ከዛሬ ጀምሮ ኤረር ነህ" አለው። ከዚያ ሰፈርታሱን ከፍቶ የኤረር ብርቱካን ሰጠው። ልጁ ብርቱካን አገኘሁ ብሎ ዘለለ። እማማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አባባ ከዚያ ወዲያ "አዋሽ" የሚለውን ስም በቤታችን ውስጥ አልጠራም። አጎቴ የዝውውሩን ምክንያት የተረዳው ጎልምሶ ነው። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳው ውስጥ አለ፤ አሳይቶኛል። ቀዳዳው አንድ ጥግ ላይ ነው፣ ጽሑፍ የለበትም።

አፍደም አካባቢ ስንደርስ ለእናቴ ደወልኩ። "አቧራሽን እያየሁት ነው" ስላት ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ተቆረጠ፤ ጥፋቱ የኔትወርኩ አልነበረም።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ከዚያ በባጃጅ ገባሁ። የድሬዳዋ ሰፈር ከዚራ ዛፎቿ እንዳሉ ናቸው። የአባባ የድሮ ጣቢያም ቆሟል። ሰፈራችን ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ የዕድሩ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ደርሷል። እንደ ድሬ ወግ ለሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ሥጋው በራሳቸው ሰው ታርዶ ለብቻ ተሠርቷል፤ ድስቱ ላይ የቆሙት እማማን እንደ እህት የሚያዩ ሴትዮ ናቸው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሰማል። በስድስቱ የጣቢያ ስሞች የሚጣራው ሰው ብዛት ድንኳኑን ለገሃር አስመስሎታል።

ከምሳ በኋላ የአባባ የሥራ ባልደረባ የነበሩ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። "አያትሽ ጡረታ የወጣ ዕለት ምን እንዳደረገ ነግሮሻል?" አሉኝ። አልነገረኝም።

"ግብዣ አዘጋጀንለት። አለቃው ንግግር አድርግ አለው። ተነሳ፣ መብሻውን አወጣ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ጀምሮ 'ቲኬት! ቲኬት!' እያለ መጣ። ማን ይዞ ይመጣል? ወላሂ አለቃውንም አላለፈውም። ሁላችንንም ቀጣን።"

"ቅጣቱ ስንት ነበር?" አልኳቸው።

"በወር አንድ ቀን ቤቱ መጥተን ቡና መጠጣት። ብቻውን እንዳንተወው ነዋ። ያኔ ጥርስ አላስከደነንም፤ ግን መጣን። እሱ እስኪሞት ድረስ መጣን።" ዙሪያቸውን በምርኩዛቸው አመለከቱ። "ያን ቀን የተቀጣው፣ በሕይወት ያለው፣ ሁሉም እዚህ አለ። ዕዳ አለብን።"

ከዚያ ወደ እማማ ዞረው ቡናው ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ።