አርባ አንድ ዓመት የቆየ ሴል

ማክሰኞ፣ ማታ

የሴል ክፍፍልን ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በዓይኔ ጠግቤ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ማይክሮስኮፕ ለብዙ ተማሪ ስለነበር፣ ተራችን ሲደርስ ጎንበስ ብለን የደበዘዘ ነገር አይተን እናልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጠመኔ ነው። አራት ክብ፣ በየክቡ ውስጥ እንጨት መሳይ ክሮሞሶሞች (የሴሉን ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃውን፣ የተሸከሙት)፣ ከሥራቸው የክፍፍሉ ደረጃዎች ስም፦ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ። ተማሪዎቼ ስሞቹን በቃላቸው ይይዛሉ፣ ፈተና ላይ ይጽፏቸዋል፣ ከፈተናው በኋላ ይረሷቸዋል። አልፈርድባቸውም።

ዘንድሮ በደንብ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ስላገኘን ባለፈው ዓርብ ስድስት ቀይ ሽንኩርት ገዛሁ። በስንጥር ደግፌ ውኃ በሞላባቸው ብርጭቆዎች አፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰኞ ጠዋት ነጫጭ ሥሮች ወደ ውኃው ወርደው ነበር። ሥር የሚረዝመው ከጫፉ በኩል ነው፤ ሴሎቹ ሳያርፉ የሚከፈሉትም በዚያች ሁለት ሚሊሜትር ገደማ በምትሆን ጫፍ ላይ ነው። ጫፎቹን ቆርጠን በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ውስጥ አሳደርናቸው። ዛሬ ደግሞ በቀጠነ አሲድ አለስልሰን፣ ቀይ ቀለም ጠብ አድርገንባቸው፣ በስላይዱና በስስ መስታወቱ መካከል በአውራ ጣት ተጫንናቸው።

ቀለሙ ካርሚን ይባላል። የሚገኘው በበለስ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከሚባል ትንሽ ነፍሳት ነው። ለቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ ገብቶ፣ ከቁጥጥር ወጥቶ የገበሬውን በለስ ያደረቀው ይኸው ነፍሳት ነው። ይህን ስነግራቸው ትግራይ ውስጥ ዘመዶች ያሉት አንድ ልጅ ብልቃጡን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ቆየ።

በመጀመሪያ ያየናቸው አብዛኞቹ ሴሎች ምንም የማይሠሩ ይመስሉ ነበር። መስለው ነው እንጂ ትልቁ ድካም ያለው እዚያ ነው፤ ዲኤንኤው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቀዳው ምንም በማይታይበት በዚያ ጊዜ ነው። ስላይዱን በቀስታ ስገፋው አንዱ ብቅ አለ። የሽንኩርት ሴል አሥራ ስድስት ክሮሞሶሞች አሉት። እነዚያ አሥራ ስድስቱ ተባዝተው፣ ከመካከል ተላቀው፣ ግማሾቹ ወደ አንዱ ጫፍ ግማሾቹ ወደ ሌላው ሊሄዱ ተነሥተዋል። ጫፎቻቸው ወደ ኋላ ተንጠልጥለዋል፤ ለመለያየት የሚያመነቱ ጣቶች ይመስላሉ። አናፌዝ! ስሙን ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ ልጆቹ ደነገጡ።

ከፊት የምትቀመጠው ዝምተኛዋ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሣ አለች።

«ቲቸር፣ ብንጠብቃቸው ይለያያሉ?»

«አይለያዩም። ትናንት አልኮሉ ውስጥ ስንከታቸው ሞተዋል። የምታዪው በዚያች ቅጽበት የነበሩበትን ነው።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ መሐል መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው?» አለችኝ።

ጀርመናዊውን የሴል ተመራማሪ ዋልተር ፍሌሚንግንም የገጠመው ይኸው ነበር። የሳላማንደር (እንሽላሊት መሳይ እንስሳ) እጮችን ሴሎች ቀለም እየቀባ ሲያጠና ያገኘው ልክ እንደኛ በየመንገዱ የቆሙ ሴሎችን ነው። ከሕያው እጭ ላይ ደግሞ ክፍፍሉ ሲካሄድ እየተከታተለ፣ የቆሙትን ሥዕሎች አንዱን ከሌላው ቀጥሎ አሰለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1882 ለዚህ ክፍፍል ማይቶሲስ የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው፤ በግሪክኛ ክር ከሚለው ቃል ወስዶ። እኔ በሰሌዳው ላይ የምሥላቸው አራት ክቦች የዚያ ሰልፍ ልጆች ናቸው። ለተማሪዎቼ ሰልፉን አሳየኋቸው እንጂ እንቅስቃሴውን አሳይቻቸው አላውቅም ነበር።

ታክሲ ውስጥ «መሐል መንገድ ላይ ቀሩ» የሚለው ቃሏ አልለቀቀኝም። ምክንያቱ የገባኝ ሰፈር ስደርስ ነው። መሐል መንገድ ላይ የሚቆም፣ ግን የማይሞት ሴል አለ። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ለአንድ ሰው ግን፣ ከሁሉ በፊት ልነግራት ለሚገባኝ ሰው፣ ነግሬያት አላውቅም።

ታናሽ ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቴ የወለደችው በ41 ዓመቷ ነበር። እኔ ልጅ ብሆንም በዚያን ጊዜ የተባለውን ሁሉ አስታውሳለሁ፦ ቀትር ላይ ወንዝ ወርዳ ተለክፋ ነው፣ ርግማን ነው፣ የቡዳ ዓይን ነው። አንዲት ጎረቤታችን ጨክና «ምን ሠርተሽ ነው?» ብላ እናቴን ስትጠይቃት በር ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። እናቴ አልመለሰችላትም። ጥያቄውን ግን ወደ ራሷ ወስዳ ዓመታት ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ እንደኖረች አውቃለሁ። ጠበል ስትወስደውም፣ ሐኪም ቤት ስትወስደውም፣ ይቅር በለኝ የምትለው ለራሷ ነበር።

እኔስ? በየዓመቱ ክፍል ውስጥ «ክሮሞሶሞች ሳይለያዩ ሲቀሩ» ብዬ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ከሥሩ አሰምርበታለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድ ዘር ፍሬ የሚሠራው ከጉርምስና ጀምሮ በየጊዜው ነው፤ አንዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር ትንሽ ያልፋል። የሴት እንቁላል መንገድ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች እንቁላል የሚሆኑት ሴሎች ሚዮሲስን፣ ማለትም በሁለት ዙር ክሮሞሶሞቹን በግማሽ የሚቀንሰውን ክፍፍል፣ ይጀምራሉ። በአምስተኛው ወር ገደማ ስድስት ሰባት ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ያህሉ ይቀራሉ። ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተቃቀፋሉ፣ ቁራጮች ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይቆማል። እዚያው መሐል መንገድ ላይ። በየወሩ አንዱ ተራ ደርሶት መንገዱን እስኪቀጥል አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይጠብቃል። ሁለተኛው ክፍፍል ደግሞ የሚፈጸመው የወንዱ ዘር ከገባ በኋላ ብቻ ነው።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጥንዶቹን አንድ ላይ ይዞ የሚያቆያቸው ኮሂሲን የሚባል የፕሮቲን ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው የታሰረው ከልደት በፊት ነው፤ እንደ አዲስ የሚተካውም እምብዛም ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይላላል። የላላ ማሰሪያ ያለበት ጥንድ ሲለያይ አቅጣጫ ሊሳሳት፣ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ሊሄዱ ይችላሉ። 21ኛው ጥንድ እንዲህ ሲሆን ልጁ በ46 ፈንታ 47 ክሮሞሶም ይዞ ይወለዳል። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የሚሆነው ከእንቁላሉ በኩል ነው። በ25 ዓመቷ ለምትወልድ እናት ዕድሉ ከ1,200 አንድ ገደማ ነው፤ በ40 ዓመቷ ከ100 አንድ ገደማ ይሆናል። ቢሆንም ወጣቶች ብዙ ስለሚወልዱ፣ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ እናቶቻቸው ወጣት ናቸው። ስለዚህ ዕድሜውም ጥፋት አይደለም።

የሰው ክሮሞሶም 46 መሆኑ ራሱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት 48 ይባል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ማርት ጎቲዬ፣ ዤሮም ለዠንና ሬሞን ቱርፓን ተጨማሪውን ክሮሞሶም ይፋ አደረጉ። ወንድሜ ሲወለድ ይህ ከታወቀ ዐርባ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ይህ ያናድደኛል። ዐርባ ዓመት የታወቀ ነገር እናቴ ጆሮ ሳይደርስ፣ የቀትሩ ጋኔን ግን በአንድ ቀን ደረሰ። እኔ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ያለው ዝምታ ደግሞ የእኔ ነው።

እራት ከበላን በኋላ ነገርኳት። ወንድሜ ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ በየቦታቸው እየደረደረ ነበር፤ እጀታቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልዞረ አይወድም። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ከሽንኩርቱ ጀመርኩ። ሴል እንዴት ለሁለት እንደሚሆን፣ እንቁላል እንዴት ተጀምሮ እንደሚቆም፣ ማሰሪያው እንዴት እንደሚላላ። ስለወንዝ፣ ስለቀትር፣ ስለርግማን ምንም አላነሣሁም። እሷ ግን ገባት።

«ወንዝ በመውረዴ አይደለም?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ። ያደረግሽው ነገር አይደለም። በመብላት አይደለም፣ በመሥራት አይደለም፣ በመውረድ አይደለም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላ የጠየቀችኝን አልጠበቅኩትም።

«ያ ሴል ያልሽው… እኔ በእናቴ ሆድ ሳለሁ ነበር?»

«ነበር። አንቺ ሳትወለጂ የተጀመረ ነው። እሱን እስክትወልጂ ድረስ ይዘሽው ኖረሻል።»

«ሳገባም? ከገጠር ስመጣም?»

«ያኔም።»

ወደ ወንድሜ ዞር አለች። የመጨረሻውን ሲኒ እጀታ እያዞረ ነበር።

«እንግዲያ ከሁላችሁ ቀድሞ ነው አብሮኝ የነበረው በይኛ» አለች።

እንቁላሎቹ ሁሉ የአንድ ጊዜ ናቸውና እኔም እዚያው ነበርኩ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ወንድሜ ጀበናውን እንድጥድ ጠራኝ።