ቴስላ ዕንቁ ይፈራ ነበር?

ዛሬ ምሳ ላይ አንዷ ባልደረባችን ስለ ኤሌክትሪክ ፈልሳፊው ኒኮላ ቴስላ አንስታ «ቴስላ ዕንቁ ይፈራ ነበር አሉ» ብላ ጀመረች። ጠረጴዛው በሳቅ ተሞላ። በእርግጥ ስለ ሰውዬው የማይወራ የለም። ይሄኛው ግን ከራሱ አፍ የወጣ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ዘርዝሮታል። የባሕር ዕንቁ ሲያይ ሊያመው ይደርሳል። የሴት የጆሮ ጌጥ አይወድም፤ አምባር ግን ብዙም አይከፋውም። የኮክ ፍሬ ማየት ያተኩሰዋል። የሰው ፀጉርማ ሽጉጥ ካልተደገነበት አይነካም! የክሪስታል ብልጭታ ግን ነፍሱ ነው፤ እንግዲህ ፈልጉለት። ፎቢያ (ከልክ ያለፈ ፍርሃት) ነው አይደለም የሚለውን ለሐኪሞች ልተወው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የምግቡ ነገር ነው፦ የሾርባ ሳህኑና የቡና ስኒው ስንት እንደሚይዝ በልቡ ሳያሰላ ምግቡ አይጥመውም።