ሰዓቱ የሚባክነው ግድግዳው ጋ ነው

ዋናተኛ ሰዓቱ አልቀንስ ሲለው መጀመሪያ የሚወቅሰው ክንዱን ነው። ቀጥሎ የልምምዱን ርቀት ይጨምራል። ግድግዳው ግን ትዝ አይለውም።

በ25 ሜትር ገንዳ የሚዋኝ 100 ሜትር ፍሪስታይል አንድ መነሻና ሦስት መታጠፊያ አለው። ደንቡ ከመነሻውም ከእያንዳንዱ መታጠፊያም በኋላ እስከ 15 ሜትር ድረስ በውሃ ውስጥ ለመሄድ ይፈቅዳል፤ 15 ሜትሩ ላይ ጭንቅላት ብቅ ማለት አለበት። አራቱ ሲደመሩ 60 ሜትር ይሆናሉ። ይህን ሁሉ መጠቀም የሚችለው ጥቂት ሰው ነው፤ አብዛኛው የክለብ ዋናተኛ ግን 5 ሜትር እንኳ ሳይሞላ ብቅ ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ለጀርባ ዋና የሚሰቀሉት ባንዲራዎች ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ ናቸው። ጭንቅላቱ ከባንዲራው ሥር ሲያልፍ ሰዓቱን አስጀምሩ፤ ታጥፎ ሲመለስ 10 ሜትር ላይ ያዙት። በገንዳው ጠርዝ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ ይበቃል። ሦስቱንም መታጠፊያ ለየብቻ ጻፉ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው በግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ሥራችሁ እዚያ ነው።

መታጠፊያው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከመገልበጡ በፊት ነው። ዋናተኛው ለመተንፈስም ሆነ ግድግዳውን ለማየት ጭንቅላቱን ያነሳል፤ ያኔ ዳሌው ይሰምጣል፣ ፍጥነቱም ይሞታል። ርቀቱን ለማወቅ ቀና ማለት አያስፈልግም። ከገንዳው ወለል ላይ ያለው ጥቁር መስመር ግድግዳው ሊደርስ 2 ሜትር ሲቀረው በአግድም መስመር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ስንት ቀዘፋ እንደሚቀራችሁ በውድድር ፍጥነት እየዋኛችሁ ቁጠሩ። በዝግታ የተቆጠረው በውድድር ቀን ያሳስታል፤ ስትፈጥኑ ግድግዳው ቶሎ ይደርሳል።

እግር ግድግዳውን ሲነካ ጉልበት ወደ 90 ዲግሪ ወይም ትንሽ ከፈት ብሎ ቢታጠፍ ጥሩ ነው። በጣም ከተጠጋችሁ ተኮራምታችሁ ለመዘርጋት ጊዜ ይፈጃል፤ ከራቃችሁ ደግሞ የምትገፉበት ጉልበት አይኖራችሁም። ሌላው የተለመደ ስሕተት ግድግዳው ላይ እያሉ ሙሉ በሙሉ በሆድ ለመዞር መሞከር ነው። በጀርባ ወይም በጎን እንዳላችሁ ግፉ፤ መዞሩ በመንገድ ላይ ያልቃል። አንዱ መዳፍ በሌላው ላይ ይደረብ፣ ክንዶች ከጆሮ ኋላ ይጠበቁ።

የዶልፊን ምት (ውሃ ውስጥ ሁለቱን እግር አጣምሮ መምታት) መቼ ይጀመር? ከግድግዳው የተነሳ ሰውነት ከማንኛውም ቀዘፋችሁ ይፈጥናል። ወዲያው መምታት ያንን ፍጥነት ይሰብራል፤ አብዝቶ መጠበቅም ያባክነዋል። ስንት ምት እንደሚበጃችሁ የሚነግራችሁ ሰዓት ብቻ ነው፦ ከግድግዳ ተነስታችሁ በ4፣ በ6 እና በ8 ምት 15 ሜትር ድረሱ፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዕረፍት። ፈጣኑን ምረጡ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደክሟችሁ ልትደግሙት ካልቻላችሁ ግን በሁለት ቀንሱት። (ይህን ብቻችሁን አትሞክሩ፤ ከመግባታችሁ በፊትም ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ አይገባም። ውሃ ውስጥ ራስን ያስታል፣ ይገድላልም።) ብቅ ስትሉ የመጀመሪያው ቀዘፋ ላይ አትተንፍሱ። በዚያች አንዲት ትንፋሽ ምክንያት የሠራችሁት ሁሉ ይፈርሳል።

ስለ መነሻው አጭር ነገር፦ እጅ በገባበት ቀዳዳ ጭንቅላት፣ ዳሌና እግር ተከትለው ይግቡ። ትልቅ የውሃ ፍንጥቅጣቂ ካያችሁ ዳሌው ዘግይቷል ወይም ጉልበት ታጥፏል ማለት ነው።

ከግድግዳ ውጭ ትልቁ ሌባ የመጀመሪያው 50 ነው። ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ100 ሜትር ፍሪስታይል በ46.40 የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የመጀመሪያውን 50 በ22.28፣ ሁለተኛውን በ24.12 ነው የዋኘው። ልዩነቱ 1.84 ሰከንድ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከመነሻው ዝላይ የተገኘ አለበት። የእናንተ ልዩነት ከ3 ሰከንድ በላይ ከሆነ አጀማመራችሁን ተጠራጠሩ። ቀኝ እጅ ውሃ ከገባበት ተመልሶ እስኪገባ ያለውን አንድ ዙር ብላችሁ የሦስት ዙር ጊዜ ያዙ፤ 180ን ለሰከንዱ ስታካፍሉ በደቂቃ ስንት ዙር እንደምትቀዝፉ ይወጣል። 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50 ዙር ነው። መጨረሻው ላይ ዙሩ ሳይቀንስ ፍጥነቱ ከወረደ ክርናችሁ ወድቋል፣ እጃችሁም ውሃውን ሳይዝ ይንሸራተታል።

ለዚህ የሚበጀው የተቆራረጠ 100 ነው፦ ከመነሻው ዘላችሁ 50፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ 25፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ 25። ከጠቅላላው 20 ሰከንድ ስትቀንሱ ለውድድሩ የምታልሙት ሰዓት መገኘት አለበት። አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ አምስት ደቂቃ ቀላል ዋና። አዲስ አበባ ላይ የምታሰለጥኑ ደግሞ ከባሕር ጠለል አካባቢ የተጻፈ ፕሮግራም ከነዕረፍቱ አትገልብጡ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ማገገም ስለሚዘገይ በአምስት ደቂቃው ላይ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። አለበለዚያ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ልምምዱ ቀስ ብሎ መዋኘትን ማስተማሪያ ይሆናል።

የመጨረሻው ግድግዳ መታጠፊያ የለውም፣ ሰዓት ግን ይበላል። በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ሰርቢያዊው ሚሎራድ ቻቪች እጁን ዘርግቶ ሲንሳፈፍ አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ግማሽ ቀዘፋ ጨምሮ ቀደመው፦ 50.58 በ50.59። በፍሪስታይል ከባንዲራው በኋላ አትተንፍሱ፤ ፊታችሁ ውሃ ውስጥ እንዳለ ትከሻችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ አንድ እጅ ዘርጉ፣ ጣቶቻችሁንም ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት የሚያቆመውን ሰሌዳ በኃይል ግፉት። ዝም ብሎ መዳሰስ ሰዓቱን ላያቆመው ይችላል።